ቢራው እስኪጠራ

እኔ ስወለድ በባሕር ጠረፍ ያለችው ከተማችን ማርስቢ አስራ አንድ መጠጥ ቤት ነበራት። ሦስት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አስራ አንድ መጠጥ ቤት። ዛሬ "መርከበኛው" የጥርስ ሐኪም ቤት ሆኗል፤ ድሮ ሰው ቅዳሜ ማታ ጥርሱን የሚያጣበት ቦታ አሁን ጥርሱን ያስተክልበታል። "ሦስቱ ዓሣዎች" ውስጥ ውሻ በሻምፖ ይታጠባል። ከሁሉ የባሰው ግን "የንጉሡ ራስ" ነው። ባለቤቱ ዳግላስ ግድግዳውን ነጭ ቀብቶ፣ ስሙን "ጨው" ብሎ ቀይሮ፣ በትልቅ ሳህን ላይ ትንሽ ዓሣ መሸጥ ጀመረ። መጠጥ ቤት ስሙ ጨው! መስኮቱን ከፍቶ ከንፈሩን ቢልስ በነፃ የሚያገኘውን።

"ጥቁሩ መልህቅ" ግን የኔ ነበር። ሕንፃው የቢራ ፋብሪካው ነው፤ ቤቱ ግን የኔ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜያለሁ። ስድሳ ሦስት ሲሞላኝ ጉልበቴ አልታዘዝ አለ፣ ኪራዩም ናረ፣ በየካቲት ወር ቁልፉን መለስኩ። ስመልስ ደግሞ አንድ የማልኮራበት ነገር አደረግሁ። ለደንበኞቼ አልነገርኳቸውም። ሰኞ ማለዳ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍኩና በጓሮ ወጥቼ እህቴ ቤት ሄድኩ። አሁን ሕንፃው ለበጋ እንግዶች የሚከራይ አፓርታማ እየሆነ ነው፤ መጋዘኔ የነበረበት ቦታ መዋኛ ገንዳ ይሠራበታል ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያገኘኝ ስለ ጉልበቴ ብቻ ይጠይቀኛል። ስለ መጠጥ ቤቱ ማንም አያነሳም። ጨዋ ሰው ሲበዛ ያስጠላል።

ክሊፎርድ ያገኘኝ ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ነው። ክሊፎርድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ዛሬም ሲያወራ መሪ እንደያዘ ሰው ሁለት እጁን ወደፊት ይዘረጋል።

"ከሊጉ ደብዳቤ መጣ" አለኝ። "ቤት የሌለው ቡድን አይጫወትም። እስከ ሚያዝያ የመጀመሪያው እሑድ ቤት ካላገኘን እንሰረዛለን።"

ሊጉ የዶሚኖ ሊግ ነው። የመልህቁ ቡድን አራት ሰው ነው፤ ከመካከላቸው ሰባ ያልሞላው የለም።

"ለምን ጨው አትሄዱም?" አልኩት።

"ዳግላስን ጠየቅሁት። እሑድ ምሳ ሰዓት ጠረጴዛ የለም አለኝ። ደግሞ ዶሚኖው ሲንኳኳ የሰው ምግብ ይረብሻል አለ።"

"ዓሣዎቹ ሞተው የለ? ማን ይደነግጣል? ዊልፍስ ምን አለ?"

ክሊፎርድ ዳቦውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ። "ዊልፍ ምንም አላለም። ደብዳቤውን በበሩ ቀዳዳ አስገባሁለት። በዚያው ቀዳዳ መልሶ አወጣልኝ።"

ዊልፍ የቡድኑ አምበል ነው። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሸርጣን ሲያጠምድ ኖሮ ጀልባውን ከሸጠ አስር ዓመት ሆኖታል። ሚስቱ ኤልሲ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። ከዚያ በኋላ ከቤቱ የሚያወጣው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ማክሰኞ፣ ዓርብና እሑድ እኔ ጋ መምጣት። መልህቁ ከተዘጋ ሰባት ሳምንት ሆነው፤ በሰባቱ ሳምንት ውስጥ ዊልፍን ውጭ ያየው የለም። ዕቃውን ክሊፎርድ ይገዛለታል። መጋረጃው ቀንም አይገለጥም።

"ሊጉ ከቀረ" አለ ክሊፎርድ፣ "ያ ሰውዬ ከዚያ ወንበር የሚነሳ አይመስለኝም፣ ኖርማ።"

እኔም አልመሰለኝም። በሩን የዘጋሁበት እኔ ነኝ። ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ።

ወደ እህቴ ቤት አልሄድኩም። ሟቿ ወይዘሮ ፕራት የሹራብ ክር ትሸጥበት ወደነበረው ሱቅ ሄድኩ። አንዲት ከሊድስ የመጣች ልጅ መጠጥ ቤት ልትከፍትበት ነው ሲባል ከርሟል፤ እኔ እንዳልሰማ ሆኜ በዚያ መንገድ ማለፍ ትቼ ነበር። ልጅቷ ታምሲን ትባላለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ፀጉሯን በእርሳስ ጠቅልላ መደርደሪያ ትቀባ ነበር። ቤቱ አምስት ጠረጴዛ አለው። ቴሌቪዥን የለም፣ ሙዚቃ የለም፣ ወጥ ቤት የለም። ባንኮኒው ወይዘሮ ፕራት ክር የምትለካበት ጠረጴዛ ነው።

"ወይዘሮ ኖርማ ነዎት አይደል?" አለችኝ። "እውነቱን ልንገርዎት? ይመጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር።"

"ደግ አደረግሽ" አልኳት። "ሰው ሲሞላ የት ልታስቀምጪው ነው? መደርደሪያ ላይ?"

"ከሞላ ደስ ይለኛል" ብላ ሳቀች። አሳሳቋ ጥሩ ነበር፤ መጥፎ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

"ዶሚኖ ታውቂያለሽ?"

"ተጫውቼ አላውቅም።"

"ማን ተጫወቺ አለሽ? በየሁለት እሑዱ አራት ሽማግሌና አራት እንግዳ ታስቀምጫለሽ። በእረፍት ሰዓት የአሳማ ሥጋ ፓይና የተላቆጠ አተር ታቀርቢያለሽ። ሲሰዳደቡ አትሰሚም። በቃ።"

እርሳሱን ከፀጉሯ መዝዛ አሰበች። "እርስዎ የመጀመሪያውን እሑድ አብረውኝ ከቆሙ" አለች።

እንዲህ አድርጋ ያዘችኝ።

ሊጉ አንድ የቆየ ደንብ አለው። አዲስ ቤት የሚመዘገበው፣ የእንግዳው ቡድን አምበል የቤቱን ድራፍት ቀምሶ መዝገቡ ላይ ከፈረመ ብቻ ነው። ድሮ ድሮ አንዳንድ ባለቤት ሊጣል የደረሰ ቢራ ለእንግዳ እየቀዳ ሰው ሆዱን ታሞ ይመለስ ስለነበር ነው። አሁን ደንቡ የወግ ያህል ቀርቷል፤ ግን ካልተፈረመ አልተፈረመም። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ደግሞ የጎረቤት መንደር ቡድን፣ ኬልቶርፖች ሆኑ። አምበላቸው ወይዘሮ ክላግ የምትባል የቀድሞ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት፤ ለፊርማዋ እንደ ልጇ ነው የምትሳሳው።

ታምሲን የምትሸጠው የዱሮውን ቢራ ነው፤ እርሾው በርሜሉ ውስጥ ገና በሕይወት ያለውን። ሐሙስ ሁለት በርሜል መጣላት። በጎናቸው አጋድማ የእንጨት ማረፊያ ላይ አስተኛቻቸው፤ ጆንያ በውሃ ነክራ አለበሰቻቸው። ከዚያ በኋላ ሥራው አንድ ብቻ ነው፤ አለመንካት። አተላው ቀስ እያለ ከሥር ይተኛል፣ ቢራው ከላይ ይጠራል። ሦስት ቀን ይፈጃል። ሌላ ቦታ ስላልነበራት ማረፊያውን ያደረገችው በመስኮቱ በኩል ነው። ቅዳሜ ማታ አንድ ብርጭቆ ቀድታ መብራት ላይ ያዘችልኝ። ጥርት ብሏል። ቀመስኩት። እንዲህ ያለ ቢራ አስራ አንድ ዓመት አልሸጥኩም፤ በጋዝ የሚገፋው የብረት በርሜል ሲመጣ ሥራ ይቀለኛል ብዬ ወደዚያ ዞርኩ። ይህን ለታምሲን አልነገርኳትም። "ምንም አይልም" አልኳት ብቻ።

እሑድ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ዊልፍ መጣ። እንዴት እንዳስወጣው ክሊፎርድ ሲነግረኝ ሳቄ መጣ፤ "አምበሉ ጠረጴዛዎቹን ካላየ ኬልቶርፖች የሚነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡናል" አለው አሉ። ከመስኮቱ ሆኜ በባሕሩ ግንብ በኩል ሲመጣ አየሁት። ከረባት አስሯል። ሰባት ሳምንት ፀሐይ ያላየ ፊቱ ወረቀት መስሏል። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ሄጄ ላቅፈው ምንም አልቀረኝም።

"እንዴት አደርክ፣ ዊልፍ?" አልኩት።

"እንደ ሌላው ቀን" አለኝና አልፎኝ ገባ።

ታምሲንን ግን በሁለት እጁ ጨበጣት። ጠረጴዛዎቹን አንድ በአንድ በመዳፉ ተጫናቸው፤ አንዱ ትንሽ ሲነቃነቅ ካርቶን አጥፎ ከእግሩ ሥር አስገባ። ሰውዬው ወደ ቦታው ሲመለስ በዓይኔ አየሁት።

"ፓዩን እናምጣ" አልኳት ታምሲንን። ሥጋ ሻጩ ለኛ ብሎ ሱቁን እሑድ ከፍቶ ይጠብቀን ነበር። አራቱን ሽማግሌዎች ትተናቸው ወጣን። ሄደን እስክንመለስ አርባ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ስንገባ ማረፊያው ባዶ ነበር።

ጆንያዎቹ ታጥፈው መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጠዋል። አራቱ ሽማግሌዎች ግንባራቸው በላብ ረጥቦ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ደረታቸውን ነፍተው ቆመዋል።

"ፀሐይ ደረሰበት" አለ ዊልፍ። "ቢራሽ ሊፈላልሽ ነበር፣ ልጄ። ጓዳ አስገባንልሽ። እዚያ እንደ ባሕር ይቀዘቅዛል።"

ታምሲን የፓዩን ሳጥን እንደያዘች ቆመች። "እንዴት አድርጋችሁ አስገባችሁት?" አለች በቀስታ።

"እያንከባለልን ነዋ" አለ ክሊፎርድ። "ልንሸከመው ነው?"

ታምሲን ጓዳ ገብታ አንድ ብርጭቆ ቀዳች። ይዛው ስትወጣ መብራት ላይ መያዝም አላስፈለጋትም፤ ከዝናብ በኋላ ያለ ኩሬ ነው። ሦስት ቀን የተኛው አተላ በሙሉ ተነስቷል። እስከ ነገ ከሰዓት በኋላ አይተኛም። እንግዶቹ የሚመጡት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ልጅቷ ብርጭቆውን አስቀመጠች፣ የጓዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች፣ በክንዷ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

እኔ ደግሞ ስናደድ አፌ ከጭንቅላቴ ይቀድማል። "ዊልፍ!" ብዬ ጮህኩ። "ያረፈ በርሜል ይነካል? ሰማንያ አንድ ዓመት ቢራ ስትጠጣ ይህን አታውቅም? ዓይን የለህም ወይስ አእምሮ ነው የሌለህ?"

ዊልፍ ኮቱን ከወንበሩ አነሳ። እጁ እጅጌው አልገባለት ብሎ ክሊፎርድ ሊያግዘው ሲል ገፋው።

"አስራ አንድ ዓመት" አለ፣ ወደኔ ሳያይ። "አስራ አንድ ዓመት ያንቺን በርሜል ከጥግ ጥግ ስንገፋልሽ አንድ ቀን ተዉ አላልሽንም።"

ወጥቶ ሄደ።

እውነቱን ነው። ያ የጋዙ በርሜል አተላ የለውም፤ ብታንከባልለው፣ ብትረግጠው፣ ብትቀመጥበት ግድ የለውም። በየማክሰኞው ከባዱን ገፍተው ቦታ ሲያስይዙልኝ "ተባረኩ" እያልኩ አንድ አንድ ብርጭቆ የምቀዳላቸው እኔ ነበርኩ። ሰዎቹን ያስረሳኋቸው እኔ ነኝ።

"አሁን ምን ይደረጋል?" አለ ክሊፎርድ። "ወይዘሮ ክላግ ያለ ቢራ አትፈርምም። ያለ ዊልፍ ደግሞ ቡድን የለንም።"

በማርስቢ የዱሮውን ቢራ የሚይዝ ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው። ለዚያ ሰው ደግሞ አስራ ዘጠኝ ዓመት ቃል አልተነፈስኩም።

በጨው ጓሮ በር በኩል ብቅ ስል፣ ዳግላስ ነጭ ሽርጥ አድርጎ ቀይ ሥር ይልጥ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠ።

"ዓይኔ ነው ወይስ ኖርማ ናት?" አለ። "ማነው የሞተው?"

"ማንም አልሞተም። ቢራ ስጠኝ።"

"ደንበኛ በፊት ለፊት በር ነው የሚገባው።"

"ደንበኛ አይደለሁም። ለዊልፍ ቡድን ነው" አልኩትና የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። በርሜሉን አንከባለሉት ስለው ዓይኑን ጨፈነ፤ ያን ጊዜ የድሮው ዳግላስ ትንሽ ትዝ አለኝ።

"መጀመሪያ ይቅርታ በይኝ" አለ።

"እኔ? የዳርት ወርዋሪ ቡድኔን በቋሊማ ዳቦ ደልለህ የወሰድከው አንተ! አስራ ሁለት ሰው! በአንድ ዓርብ!"

"ቋሊማው ግን ጥሩ ነበር።"

ዋሽቼ ላልፍ አልቻልኩም። "ጥሩ ነበር" አልኩት።

ሳቀ። እጁን በሽርጡ ጠረገ። "ምድር ቤት አንድ በርሜል አለኝ" አለ። "ሁለት ሽማግሌ ናቸው የሚጠጡት። ሚስቴ ተወው ትለኛለች፤ አልሆንልኝ አለ። በጆግ ቀድቼ ራሴ አመጣዋለሁ። አንቺ ግን እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ቢራው ያለ ዊልፍ ምን ያደርጋል?"

የዊልፍ ቤት የጀልባ ማውጫው ላይ ነው፤ ደረጃው አስራ ሁለት ነው፣ ሁሉንም ጉልበቴ ቆጠራቸው። አንኳኳሁ። ደግሜ አንኳኳሁ። መጨረሻ ላይ የላይኛው ደረጃ ላይ ዝርፍጥ ብዬ ተቀመጥኩና የደብዳቤ ማስገቢያውን ክዳን በጣቴ ገፋሁት።

"ዊልፍ፣ እዚያ እንዳለህ አውቃለሁ። ቧንቧህ ይንጠባጠባል፣ ትንፋሽህም ይሰማኛል።"

"ሂጂ።"

"አልሄድም። ዳግላስ ቢራ ሊያመጣ ነው።"

"ቢራው አይደለም" አለ። ድምፁ ቅርብ ነበር፤ ከበሩ ጀርባ ነው የቆመው። "ወረቀቱን አነበብኩት፣ ኖርማ። ማክሰኞ ነበር። ዝናብ ነበር። ተላጭቼ፣ ኮቴን ለብሼ መጣሁ። 'ጥቁሩ መልህቅ ተዘግቷል፤ ለውድ ደንበኞቻችን እናመሰግናለን' ይላል። ውድ ደንበኞቻችን! ስሜን አታውቂውም?"

ክዳኑን ገፍቼ እንደያዝኩ እሱ ቀጠለ።

"ኤልሲን የቀበርን ዕለት ከመቃብር የት ነበር የመጣነው? አንቺ ጋ። ያን ቀን ቤቱን ለሌላ ሰው ዘግተሽ ለኔ ብቻ ነው የከፈትሽው። ያን ያደረገች ሴት፣ ነገ እዘጋለሁ ብላ ሁለት ቃል መናገር ያቅታታል? አንድ ብርጭቆ ጠጥቼ ደህና ሁኑ ብዬ እወጣ ነበር። እሱን እንኳ ነፈግሽኝ።"

ይህን ላለመስማት ነበር ሰባት ሳምንት በዚያ መንገድ ያላለፍኩት። እንባዬ መጣ፤ አላበስኩትም።

"ፈርቼ ነው" አልኩት። "ፊታችሁን እያየሁ መዝጋት አቃተኝ። ከሁሉም ያንተን። ዊልፍ ይምጣና እነግረዋለሁ እል ነበር፤ ስትመጣ ደግሞ እቀዳልህና ዝም እላለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲያ አደረግሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ ሁሉም ነገር ስለፈልፍ ኖሬ፣ አንድ የሚያስፈልግ ነገር ለመናገር አፍ አጣሁ። ይቅር በለኝ። ዛሬም ስለጮህኩብህ ይቅር በለኝ። በርሜሉን ያደፈረስኩት እኔ ነኝ፣ አንተ ገፋኸው እንጂ።"

ከታች አንድ ሰው ጀልባ ይፍቃል። የባሕር ወፍ መጥቶ የመብራት ምሰሶው ላይ አረፈና አየኝ።

"ደረጃው ላይ ነው የተቀመጥሽው?" አለ ዊልፍ።

"አዎ።"

"በዚያ ጉልበት?"

"አዎ።"

"መነሳት ትችያለሽ?"

ሞከርኩ። "አልችልም" አልኩ።

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ከዚያ የቁልፍ ድምፅ። "እንግዲህ ልክፈት ነዋ" አለ።

ብብቴን ይዞ ሲያነሳኝ ሁለታችንም አቃሰትን። ደረጃውን አስራ ሁለቱንም ተደጋግፈን ወረድን፤ ማን ማንን እንደደገፈ እንጃ።

ዳግላስ ሽርጡን እንዳደረገ፣ በሁለት እጁ ሁለት ጆግ ይዞ፣ አንድ አስተናጋጁን በሌላ ሁለት ጆግ አስከትሎ ዋናውን መንገድ ወረደ። መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወዴት ነው ብሎ ተከተለው፤ ግማሹ ዝም ብሎ ገባ። ኬልቶርፖች ሲደርሱ አምስቱም ጠረጴዛ ሞልቶ ሰው መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል።

ወይዘሮ ክላግ ጓንቷን አወለቀች። ታምሲን ከጆጉ አንድ ብርጭቆ ቀድታ አቀረበችላት።

"ይህ የቤቱ ቢራ ነው?" አለች ወይዘሮ ክላግ።

ክሊፎርድ "አዎ" ለማለት አፉን ሲከፍት ታምሲን ቀደመችው። "አይደለም። ይህ የጨው ነው። የኛው ጠዋት ደፍርሷል።"

"ደንቡ የቤቱን ነው የሚለው" አለች ወይዘሮ ክላግ። "አምጪው።"

"አያምርም።"

"አምጪው አልኩሽ።"

መጣ። ወይዘሮ ክላግ ወደ መስኮቱ አነሳችው፤ ብርሃን አላሳልፍ አለ። ቀመሰች። ትንሽ ቆየችና ደግማ ቀመሰች።

"ማነው ያንቀሳቀሰው?" አለች።

ዊልፍ ከወንበሩ ተነሳ። ፊቱ ቀልቷል፤ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። "እኔ ነኝ። ፀሐይ ላይ ነበር፣ አሳዘነኝ።"

"ባሌም ዓምና ቤታችን ያለውን በርሜል እንዲሁ አድርጓል" አለች ወይዘሮ ክላግ። "ለመጥረግ ብሎ። ሳምንት ሙሉ አላናገርኩትም፤ በጣም ነበር ደስ ያለው።" ብርጭቆውን ጠጥታ ጨረሰችው፣ አተላውንም ጭምር፣ ከቦርሳዋ ብዕር አወጣች። "መልኩ አያድርስ ነው፤ ጣዕሙ ግን እንከን የለውም። መዝገቡን አምጡ።"

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ክሊፎርድ ታምሲንን አቅፎ ከመሬት ሊያነሳት ሞክሮ አቃተው። እኔም ዳግላስን አቀፍኩት፤ ቀይ ሥር ቀይ ሥር ይላል።

አምስት ለአራት ተሸነፍን። ዊልፍ የራሱን ጨዋታ አሸነፈ፤ የሚጥለው ሲያጣ ጠረጴዛውን በጣቱ አንጓ ሁለቴ አንኳኩቶ፣ ለተጋጣሚው እየሳቀ ተራውን ሲያሳልፍ አየሁት። በእረፍት ሰዓት ሁለት ፓይ በላ። ታምሲን አተሩን ስታድል አንዱ ኬልቶርፕ "በዚህ ዕድሜሽ ይህን ማን አስተማረሽ?" ሲላት ወደኔ ጠቆመች። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ እንግዶቹ ሄዱ። ሌላውም ቀስ በቀስ ወጣ። ዊልፍ ግን አልሄደም። ዶሚኖዎቹን አንድ በአንድ ሳጥናቸው ውስጥ ይደረድር ነበር፤ አራት ጊዜ አፍርሶ ደረደራቸው።

"ያ ቢራ መቼ ይጠራል?" አለ፣ ቀና ሳይል።

"ነገ ከሰዓት በኋላ ይመስለኛል" አለች ታምሲን።

"ማየት አለብኝ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ነገ ስንት ሰዓት ትከፍቻለሽ?"

"ሰኞ ዝግ ነው፣ አቶ ዊልፍ። የቀረ ዕቃዬን ላመጣ ሊድስ ልሄድ ነው። ማክሰኞ እከፍታለሁ።"

"ጥሩ" አለ። "ማክሰኞ። ጥሩ።" የኮቱን ቁልፍ መቆለፍ ጀመረ። ማክሰኞ ሩቅ አይደለም፤ አንድ ቀን ነው። ግን ያ ቤት፣ ያ መጋረጃ፣ ያ ወንበር ትዝ አሉኝ። አንድ ቀን ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ ሰባት ሳምንት ይሆናል። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ እኔም እህቴ ቤት መጋረጃ ዘግቼ ነበር የከረምኩት።

"ሰኞ እኔ እከፍተዋለሁ" አልኩ።

ታምሲን ዞር ብላ አየችኝ። "ጉልበትዎስ?"

"በርጩማ የለሽም? የመጠጥ መሸጫ ፈቃዴም ገና አልተቃጠለም፣ መቅዳትም አልረሳሁም። ቁልፉን ወዲህ በይ።"

ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ከሰውነቷ ሙቀት የተነሳ ይሞቃል።

"በስንት ሰዓት?" አለ ዊልፍ።

"በአስር።"

"በአስር ብለሽ በአስር ተኩል እንዳትመጪ። አውቅሻለሁ።"

"ና ብቻ አንተ።"

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ከፈትኩ፤ አንድ ሰዓት ቀድሜ። ዊልፍ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።